ምጥን መማር ይቻላል? ስለ ወሊድ ዝግጅት ትምህርት ከአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በእርግዝና ወቅት ስለሚደረግ የጤና ክትትል ባለፈው እትም ካቀረብነው ጽሑፍ በኋላ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ወሊድ ዝግጅት ትምህርትና መድኃኒት ሳይወስዱ ምጥን ስለ መቋቋም የሚጠይቁ ናቸው። ከእነርሱ ስድስቱን መርጠን፣ የጸሐፊዎቹን ስም ትተን፣ በማዋለጃ ክፍል ለረዥም ዓመታት ያገለገሉ አዋላጅ ነርስ እንዲመልሱልን አድርገናል።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። ክትትል የማደርግበት የግል ክሊኒክ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጥ የወሊድ ዝግጅት ትምህርት እንዳለው ነግሮኛል፤ ክፍያው ግን ለእኔና ለባለቤቴ ቀላል አይደለም። እናቴ ‹‹ደግሞ ምጥን ማን ተምሮ ያውቃል?›› ትላለች፤ ትምህርቱን የወሰደች የሥራ ባልደረባዬ በበኩሏ በአተነፋፈስ ብቻ ያለ ሕመም እንደወለደች ታወራለች። የማንን ልመን? በትምህርቱስ ላይ የሚሰጠው ምንድን ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ያለ ሕመም ትወልጃለሽ ብሎ ቃል የሚገባ ትምህርት ከገጠመዎ ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ። ደህና የዝግጅት ትምህርት የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው። ሕመሙ ከየት እንደሚመጣ፣ ምን እየሠራ እንደሆነና መቼ ፋታ እንደሚሰጥ አስቀድመው ያውቃሉ፤ በፋታው ማረፍን፣ በመጣ ጊዜም ሰውነትን አለመቋጠርን ይለማመዳሉ። ባልደረባዎ እንደተናገሩት ሆኖላቸው ከሆነ እሰየው፤ ምጥ የሚቀልላት ሴት በእርግጥ አለች። ይሁን እንጂ ነገሩን ሁሉ የአተነፋፈስ ውጤት አድርጎ ማውራት፣ ምጡ የጠናባትን ሌላዋን ሴት ‹‹በደንብ ስላልተለማመድሽ ነው›› ብሎ ከመውቀስ ብዙ አይርቅም፤ ይህን ወቀሳ ራሳቸው ላይ ጭነው ለሳምንታት የሚያለቅሱ አራሶችን ስላየሁ ነው አጥብቄ የምናገረው።

የትምህርቱ አመጣጥ ለጥያቄዎ ጥሩ መልስ አለው። እንግሊዛዊው ሐኪም ግራንትሊ ዲክ ሪድ እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ፍርሃት ጡንቻን እንደሚያኮማትር፣ የተኮማተረ ጡንቻ ሕመሙን እንደሚያባብሰው፣ የባሰው ሕመም ደግሞ መልሶ ፍርሃትን እንደሚጨምር አስረድቶ ነበር። በዚያው ዘመን የሶቪየት ኅብረት ሐኪሞች ነፍሰ ጡሮችን አስቀድመው በማስተማርና በማለማመድ የምጥን ሥቃይ ለመቀነስ ይሞክሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ሄዶ ይህን የተመለከተው ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ላማዝ ዘዴውን ፓሪስ ውስጥ የብረታ ብረት ሠራተኞች ወደሚገለገሉበት ክሊኒክ አመጣው። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ1960 ትምህርቱን የሚያስፋፋ ማኅበር ተቋቋመለት፤ ሮበርት ብራድሌይ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪምም ባል ራሱ ሠልጥኖ የሚስቱ የምጥ ረዳት እንዲሆን ማስተማር ጀመረ። እነዚህ ሰዎች በብዙ ነገር ይለያዩ እንጂ፣ ምን እንደሚጠብቃት የምታውቅ ሴት ከማታውቀው ይልቅ እንደምትረጋጋ ሁሉም ይስማማሉ፤ እኔም በሥራዬ ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው።

የቀድሞው የላማዝ ትምህርት ልክ እንደ ወታደር ሰልፍ በቁጥር የሚመራ ጥብቅ አተነፋፈስ ነበረው። ዛሬ ያ ላልቷል፤ ምክንያቱም እናቲቱ በፍጥነትና በአጭሩ ደጋግማ ስትተነፍስ ራሷን ያዞራታል፣ ከንፈሯንና የጣቶቿን ጫፍ ይነዝራታል። አሁን የሚመከረው በአፍንጫ ቀስ ብሎ አስገብቶ ከገባበት ይበልጥ አርዝሞ በአፍ ማስወጣት ነው። ሲያስወጡ ትከሻዎ ይውረድ፣ አገጭዎ ይላላ፤ ጥርሷን የነከሰች ሴት ታፋዋንና መቀመጫዋንም አብራ እንደምትቋጥር በማዋለጃ ክፍል የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

በክፍሉ ከሚደረጉት ልምምዶች አንዱን ላሳይዎ። እናቲቱ አንድ ቁራጭ በረዶ በመዳፏ ትጨብጣለች፤ አስተማሪዋ ሰዓቷን እያየች አንድ ደቂቃ ትይዛለች። በመጀመሪያው ዙር ምንም መመሪያ አይሰጥም፤ ብዙም ሳይቆይ ትከሻ ወደ ጆሮ ይሰቀላል፣ ግንባር ይቋጠራል፣ ትንፋሽም ይታፈናል። በሁለተኛው ዙር በሌላኛው እጅ ሌላ በረዶ ይያዝና፣ ከላይ የተናገርኩትን ትንፋሽ እየተነፈሱ ዓይንን አንድ ነገር ላይ ተክሎ መቆየት ነው። በረዶው ያው በረዶ ነው፤ ቅዝቃዜውም አልቀነሰም፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ሁለተኛው ደቂቃ ያጠረ ይመስላቸዋል። አንድ ምጥ በሚበረታበት ሰዓት የሚቆየውም አንድ ደቂቃ ገደማ ነውና ልምምዱ ከንቱ አይደለም። ይህን ለማድረግ ክፍያ አያስፈልግም፤ ዛሬ ማታ ከባለቤትዎ ጋር በቤትዎ ሊሞክሩት ይችላሉ።

ከአተነፋፈሱ ይልቅ ለእኔ ክብደት ያለው የትምህርቱ ክፍል ግን የምጥን ሂደት ማወቅ ነው። የማሕፀን በር እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይከፈታል፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች በመጀመሪያ ልጅ ላይ ረዥም ሰዓት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ሊወስዱ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ መመሪያ የተፋፋመ ምጥ የሚጀምረው ከ5 ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ወስኗል፤ ከዚያ በኋላም በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር ካልተከፈተ ‹‹ዘገየ›› የሚለውን የቆየ መመዘኛ አልተቀበለም። በመጀመሪያ ልጅ ላይ የተፋፋመው ምጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሰዓት እንደማይበልጥም ይኸው መመሪያ ይገልጻል። ይህን የማታውቅ ሴት ገና በ2 ሴንቲ ሜትር ሆስፒታል ገብታ፣ ‹‹ገና ነሽ›› እየተባለች፣ ሳትተኛና ሳትበላ አንድ ሌሊት አሳልፋ፣ ዋናው ምጥ ሲመጣ ጉልበቷ አልቆ ትገኛለች። የምታውቀው ደግሞ ቤቷ ትቆያለች፤ ገላዋን በሞቀ ውሃ ትታጠባለች፣ አጥሚቷን ትጠጣለች፣ በምጦቹ መካከል ጋደም ትላለች። የሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ደም ከታየ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ምጥ ቢኖርም ባይኖርም ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ቤታቸው ሩቅ የሆነ ወይም ሐኪም ‹‹ቀድመሽ ነይ›› ያላቸው ሴቶችም ቤት የመቆየቱን ምክር አይከተሉ።

ከመክፈልዎ በፊት አስተማሪዋ ያዋለደች ባለሙያ መሆኗን፣ ባለቤትዎ ወይም አብራዎ የምትገባው ሴት መካፈል እንደምትችል፣ ትምህርቱም በስላይድ ብቻ ሳይሆን ወለል ላይ ተቀምጦና ቆሞ በመለማመድ የሚሰጥ መሆኑን ይጠይቁ። ስለ ቀዶ ጥገናና ስለ ሕመም ማስታገሻ እንደ ሽንፈት ሳይሆን እንደ አንድ የሕክምና አማራጭ የሚነገርበት ክፍል ይምረጡ። ጊዜው አሁን ጥሩ ነው፤ ሰባተኛው ወር ላይ ተጀምሮ ዘጠነኛው ሳይጋመስ ቢያልቅ ይመረጣል። ክፍያው ከአቅም በላይ ከሆነ ግን አይጨነቁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ እርግዝና ውስጥ ቢያንስ 8 ጊዜ ከባለሙያ ጋር መገናኘትን ይመክራልና፣ በእያንዳንዱ ቀጠሮ አንድ ጥያቄ ጽፈው ይዘው ቢሄዱ ከትምህርቱ አብዛኛውን ሊያገኙት ይችላሉ። በገጠር ቀበሌዎች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና አዋላጅ ነርሶች የሚመሩት የነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስም ያለ ክፍያ የሚሰጥ የወሊድ ዝግጅት ትምህርት ነው፤ ይህን ያህል ግን አይወራለትም።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ባለቤቴ ስምንተኛ ወሯ ነው። አብሬያት ሁለት ጊዜ ትምህርቱን ተካፍያለሁ፤ ጀርባ ማሸትና ማስተንፈስ ተምሬያለሁ። የምትወልድበት ጤና ጣቢያ ግን ወንድ እንደማያስገባ ሰማሁ። ታዲያ ምን ጥቅም አለው? ብገባስ ምን ምን ላድርግ? (ከአዳማ)

መልስ፦ አስቀድመው ወደ ጤና ጣቢያው ሄደው የማዋለጃ ክፍሉን ኃላፊ በግንባር ያነጋግሩ። ከላይ የጠቀስኩት የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እያንዳንዷ ሴት በምጥና በወሊድ ጊዜ ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል። ምክሩ በበጎ ፈቃድ ላይ ብቻ የቆመ አይደለም፤ ከ15,000 በላይ ሴቶች የተካተቱባቸው 26 ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ላይ ተገምግመው፣ ያልተቋረጠ ድጋፍ ያገኙ ሴቶች በተፈጥሮ መንገድ የመውለድ ዕድላቸው እንደሚጨምር፣ ምጣቸው በመጠኑ እንደሚያጥርና በቀዶ ጥገና የመውለድ ዕድላቸውም እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። ችግሩ ያለው አዳራሹ ላይ ነው። ሦስትና አራት እናቶች አንድ ክፍል ውስጥ በሚያምጡበት ቦታ የእርስዎ መግባት የሌላዋን ገመና ይነካል። መጋረጃ ያላቸው ጤና ጣቢያዎች ይፈቅዳሉ፤ የሌላቸው ደግሞ አንዲት ሴት ብቻ ያስገባሉ። ካልተፈቀደልዎ የሚገባውን ሰው ከአሁኑ ይወስኑ። ባለቤትዎ የምትመርጠው እህቷን ሊሆን ይችላል እንጂ የግድ እናትዎን አይደለምና፣ ምርጫው የእርሷ ይሁን፤ የተማሩትንም ለዚያች ሴት በቤትዎ ያሳዩአት።

ከገቡ ዋናው ሥራ ጀርባ ላይ ነው። ባለቤትዎ ቆማ አልጋው ላይ ወይም ወንበር መደገፊያ ላይ ትደገፍ፤ ወይም በጉልበቷና በእጆቿ ትንበርከክ። ከወገቧ በታች፣ ከመቀመጫዋ ስንጥቅ በላይ ያለውን ጠፍጣፋ አጥንት በመዳፍዎ ሥር ያግኙት። ምጡ መጣሁ ሲል በክንድዎ ጉልበት ሳይሆን በሰውነትዎ ክብደት ቀስ እያሉ ጫን ይበሉ፣ እስኪያልፍም አይነቃነቁ፤ ማሸቱ ቆዳዋን ሊያቃጥላት ይችላል፤ ሕመሙን የሚያስታግሰው አንድ ቦታ ላይ የጸና ጫና ነው። ‹‹ከፍ፣ ዝቅ፣ ጠንከር›› እያለች እርሷ ትምራዎት። ድንገት ‹‹አትንካኝ!›› ካለችዎም አይቀየሙ፤ ምጡ ሲጠነክር መነካት የሚያስጠላት ሴት ብዙ ናት።

በምጡ መካከል ንግግር አያብዙ፤ ‹‹አይዞሽ›› አንድ ጊዜ ይበቃል። ምጡ ሲያልፍ ውሃ ያስጎንጩአት፣ ሽንቷን በየሁለት ሰዓቱ ገደማ እንድትሸና ያስታውሷት፤ የሞላ ፊኛ የልጁን መውረድ ያዘገያልና። ባለሙያው ካልከለከለ ትራመድ፤ ቆሞና ተቀምጦ ማማጥ የመጀመሪያውን የምጥ ክፍል በአማካይ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚያሳጥር በጥናት ታይቷል። አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፦ ባለሙያዋ ሳትል ‹‹ግፊ! ግፊ!›› አይበሉ። የማሕፀኑ በር ተከፍቶ ሳያልቅ መግፋት ጉልበቷን ከመጨረስ በቀር ልጁን አያወርደውም።

ጥያቄ፦ ሰባት ልጆች ወልጄ ያሳደግሁ እናት ነኝ። ልጄ የምጥ ትምህርት ቤት ልግባ ብላኝ ገርሞኛል። እኛ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ቡና እየተፈላ፣ ‹‹ማርያም ማርያም›› እየተባለ ነው የወለድነው። በጭንቅ ትወልጃለሽ ተብሎ የለም ወይ? ሕመሙን ለመሸሽ መማሩስ ነውር አይሆንም? ደግሞ ተልባ እንዳላጠጣት ከለከለችኝ። (ከደሴ)

መልስ፦ እናቴ፣ እርስዎም እኮ ተምረዋል፤ ክፍያና ወንበር አልነበረውም እንጂ። ገና ልጃገረድ ሳሉ የጎረቤት ሴት ስታምጥ ውሃ ሲያሞቁ፣ ቡና ሲያቀራርቡ ምጥ ምን እንደሚመስል በጆሮዎ ሰምተዋል። የእርስዎ ጊዜ ሲደርስም አንዷ ከኋላ ደግፋ ይዛዎት፣ ሌላዋ ወገብዎን አጥብቃ ይዛ፣ ተንበርክከው ወይም ቁጢጥ ብለው ነው ያማጡት። ልጅዎ ግን ያደገችው ምጥ ከቤት ወጥቶ ወደ ሆስፒታል በገባበት ዘመን ነው፤ ለብዙ የከተማ ሴቶች በዓይናቸው የሚያዩት የመጀመሪያው ምጥ የራሳቸው ነው። ዛሬ በክፍል ውስጥ በዱካና በምንጣፍ ላይ የሚለማመዱት መንበርከክ፣ ቁጢጥ ማለት፣ ወገብን መያዝና አብሮ መተንፈስ ያ በየመንደሩ የነበረው ዕውቀት ነው። ስለዚህ ባይከለክሏት፣ እንዲያውም አብረዋት አንድ ቀን ቢቀመጡ ደስ ይለኛል፤ አስተማሪዋም ከእርስዎ የምትማረው አታጣም።

የድሮው ግን ሳይጎድለው የቀረ አይምሰልዎ። በዚያው ቤት ደም ሲፈስ የሚያቆም መድኃኒት፣ የልጁ ራስ ሲቀረቀር የሚያወጣ ቀዶ ጥገና አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ100,000 ሕያው ልደት 412 እናቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ሞተዋል። ደም መፍሰስ ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ልጁ እንደ ተወለደ በጭን ወይም በደም ሥር የሚሰጠው የኦክሲቶሲን መርፌ ይህን አደጋ ስለሚቀንስ ብቻ እንኳ ጤና ተቋም ሄዶ መውለድ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው ጥናት ከወለዱት መካከል 48 በመቶ ያህሉ በጤና ተቋም እንደወለዱ አሳይቷል፤ በ2016 ከነበረው 26 በመቶ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ለውጥ ነው፤ ያም ሆኖ በዚያ ጊዜም ግማሽ ያህሉ እናቶች ቤት ቀርተዋል።

ስለ ቃሉ የጠየቁኝን ከእኔ ይልቅ የንስሐ አባትዎ ቢመልሱልዎ ይሻላል። እኔ የማውቀው ጥያቄው አዲስ አለመሆኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን በምጥ ላይ ላለች ሴት ማደንዘዣ መስጠት ሲጀምር ይኸው ጥቅስ ተነሥቶበት፣ እርሱም ከመጽሐፍ ቅዱስ እየጠቀሰ በጽሑፍ መልሷል። እ.ኤ.አ. በ1956 ደግሞ የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ያለ ሥቃይ ለመውለድ የሚሰጠውን ትምህርት ቃሉ እንደማይከለክል ለማሕፀን ሐኪሞች ተናግረዋል። በእኛም ዘንድ ላማጠች ሴት ‹‹ማርያም ትቅረብሽ›› የሚባለው ጭንቁ እንዲቀልላት አይደለምን?

ተልባውን በተመለከተ፣ የማሕፀንን በር እንደሚያለሰልስ ወይም ምጥን እንደሚያቀልል የተረጋገጠ ነገር የለም። የልጅዎ ሐኪም ካልከለከላት እንደ ማንኛውም ምግብ በመጠኑ መጠጣቷ አያጣላችሁ፤ እርሷ ካልፈለገች ግን ይተዉት። አጥብቄ የምለምንዎ ስለ ሌላው ነው፦ በምጥ ጊዜ ሆድን በቅቤ እያሹ ወደ ታች መጫንና ምጥ ያፋጥናል የሚባል ሥር ወይም ቅጠል ማጠጣት ማሕፀንን ሊጎዳ፣ ልጁንም ሊያፍን ይችላልና ፈጽሞ አይደረግ።

ጥያቄ፦ ከምጡ ይልቅ የምፈራው መቆረጥንና ስፌትን ነው። በልምምድ ማስቀረት ይቻላል? (ከሀዋሳ)

መልስ፦ ሙሉ በሙሉ ማስቀረት አይቻልም፤ መቀነስ ግን ይቻላል። ከ34ኛው ወይም ከ35ኛው ሳምንት ጀምሮ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ እጅን በሚገባ ታጥቦ፣ ንጹሕ የምግብ ዘይት በአውራ ጣት ቀብቶ የብልትን የታችኛውን ክፍል ከውስጥ ወደ ታችና ወደ ጎን ለጥቂት ደቂቃዎች ቀስ እያሉ መለጠጥ፣ በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚወልዱ ሴቶች ላይ ስፌት የሚያስፈልገውን ጉዳት እንደሚቀንስ ታይቷል። ኢንፌክሽን ካለብዎ፣ ደም ካለ ወይም የሽርት ውሃ ከፈሰሰ አያድርጉት። የልጁ ራስ ሲመጣም አዋላጅዋ በሞቀ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ እንድታደርግልዎና ራሱ ሲወጣ መግፋትዎን አቁመው በአፍዎ እፍ እፍ እንዲሉ እንድትነግርዎ አስቀድመው ይጠይቋት። ለሁሉም ሴት በልማድ መቁረጥ ዛሬ አይመከርም፤ የሚቆረጠው ምክንያት ሲኖር ነው፤ ያን ጊዜም በማደንዘዣ መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ ከሦስት ዓመት በፊት ወደ አሜሪካ መጥቼ በቨርጂኒያ እኖራለሁ። ሆስፒታሉ የወሊድ ትምህርት ሰጥቶኝ ነበር፤ በእንግሊዝኛ በፍጥነት ስለሚናገሩ ግማሹ አምልጦኛል። በጀርባ የሚሰጠውን ማደንዘዣ፣ ኢፒዱራልን፣ ልውሰድ ወይስ አልውሰድ ብዬ ተጨንቄያለሁ። የአገሬ ልጆች ወገብሽን ዕድሜ ልክ ያምሻል፣ ያለ መድኃኒት መውለድ ነው ጀግንነት ይሉኛል።

መልስ፦ በመጀመሪያ ቋንቋውን እንፍታው። በአሜሪካ ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች፣ ማለትም ሁሉም ለማለት ይቻላል፣ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው፤ በአካል ካልተገኘ በስልክ ወይም በቪዲዮ ይቀርባል። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ‹‹አማርኛ›› ብለው በመዝገብዎ ላይ ያስጽፉ። ባለቤትዎ ያስተርጉም ቢሉዎ እሺ አይበሉ፤ በዚያ ሰዓት የእርሱ ሥራ እጅዎን መያዝ ነው።

ኢፒዱራል ካሉት የሕመም ማስታገሻዎች ሁሉ የበለጠ የሚሠራ ነው። የማደንዘዣ ባለሙያው በወገብ በኩል ቀጭን ቱቦ ያስገባና መድኃኒቱ በዚያ ይሰጣል። የደም ግፊትን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል ክትትል ይደረግብዎታል፤ እግርዎ ስለሚደነዝዝ በአብዛኛው አልጋ ላይ ይቆያሉ፣ ሽንትም በቱቦ ሊወጣ ይችላል። የመግፊያው ሰዓት ይረዝማል፣ ትኩሳትም ሊያመጣ ይችላል፤ ከ100 ሴቶች አንዷን ያህል ለጥቂት ቀናት ኃይለኛ ራስ ምታት ይይዛታል። በሌላ በኩል በቀዶ ጥገና የመውለድን ዕድል እንደማይጨምር፣ ለዘለቄታው የወገብ ሕመም እንደማያመጣም ጥናቶች አሳይተዋል፤ ከወሊድ በኋላ ወገብ ያልወሰዱትንም ሴቶች ያምማል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ወይም የደም መርጊያ ሕዋሳቸው ያነሰ ሴቶች ግን ላይሰጣቸው ስለሚችል ይህን አስቀድመው ይንገሩ።

ጀግንነት የሚሉትን ነገር እኔ አልቀበለውም። ለሃያ ሰዓት አምጣ፣ እንቅልፍ ያጣች ሴት ኢፒዱራል ወስዳ ሁለት ሰዓት ተኝታ ስትነቃ በራሷ ጉልበት ገፍታ ስትወልድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ያለ መድኃኒት መውለድ ፈልጋ፣ በደንብ ተዘጋጅታ፣ እንዳሰበችው የወለደችም ደስታዋ የሚያምር ነው። የተማሩት ትንፋሽ በሁለቱም መንገድ ያስፈልግዎታል፤ የማደንዘዣ ባለሙያው ሌላ ክፍል ውስጥ ሥራ ላይ ቢሆንና አንድ ሰዓት ቢያስጠብቅዎት የሚይዙት ሌላ ነገር የለምና። መርፌውን ከወሰዱ በኋላም በጀርባዎ ተንጋለው አይቅሩ፤ ነርሷን በየጊዜው ከጎን ወደ ጎን እንድታገላብጥዎና በጉልበቶችዎ መካከል የሚገባውን የኦቾሎኒ ቅርጽ ያለውን ኳስ እንድታመጣልዎ ይጠይቋት፤ ብዙ ሆስፒታሎች አላቸው። የወሊድ ዕቅድዎን በአንድ ገጽ ሲጽፉም ‹‹ኢፒዱራል እኔ ካልጠየቅሁ ደጋግማችሁ አታቅርቡልኝ›› ወይም ‹‹ስጠይቅ ቶሎ ስጡኝ›› ብለው በግልጽ ያስፍሩ፤ ለሁለቱም መብት አለዎት።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያዬን በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት። ሁለተኛውን በምጥ ለመውለድ ብዘጋጅ ድካሜ ከንቱ ይሆን? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከንቱ አይሆንም። የቀድሞው ቀዶ ጥገና በማሕፀኑ የታችኛው ክፍል አግድም የተሠራ ከሆነና ያኔ ያስገደደው ምክንያት አሁን ከሌለ፣ ከሞከሩት ሴቶች ከ60 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት በምጥ ይወልዳሉ። ማሕፀኑ በጠባሳው በኩል የመተርተር አደጋ ግን አለ፤ ከ100 አንድ የማይሞላ ቢሆንም ሲከሰት በደቂቃዎች ውስጥ ቀዶ ጥገና ይፈልጋል። በመሆኑም በጤና ጣቢያ ወይም በቤት ሳይሆን ሌሊትም ቀዶ ጥገና በሚሠራበት ሆስፒታል ብቻ ይሞከራል፤ ቤት ቆይቶ የማማጡ ምክርም ለእርስዎ አይሠራም፤ ምጥ እንደ ጀመረ ይሂዱ። በቅድሚያ ግን የመጀመሪያ ልጅዎን ከወለዱበት ሆስፒታል የኦፕራሲዮኑን ማስረጃ ወረቀት ያውጡ፤ ቆዳ ላይ ያለው ጠባሳ ማሕፀኑ እንዴት እንደ ተቆረጠ አይናገርምና፣ ሐኪሙ ያለ ወረቀቱ ሊወስንልዎ አይችልም።